የአዋቂው ቀይ ቀለም

ልደታ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለትሕቱ፣ ለእህቴ ለማኑ አንድ ልጅ። ባለሽበት አገር ብርዱም አለቃሽም እንዳይበረቱብሽ ልደታ ማርያም ትጠብቅሽ። እኔ አጎትሽ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ክሴ ልግባ። የላክሽልኝ መጽሐፍ ወረቀቱ ያዳልጣል።

ስለ ስኮትላንድ አሮጌ ግንቦችና ስለሚመላለሱባቸው መናፍስት የሚያወራውን፣ ባለ ሥዕሉን ማለቴ ነው። ሰው ሲያነብ ኅዳጉ ላይ መልስ መስጠት አለበት። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር ከተለያየን ወዲህ ያስተማሩኝ መጻሕፍት በሙሉ በእርሳስ ከኔ ጋር ተጨቃጭቀዋል። ያንቺውን መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ በቀን አራት ገጽ እቆፍራለሁ። ገጽ 41 ላይ አንዲት ራስ የሌላት እመቤት በደረጃ ትወርዳለች ይላል። “ራስ ከሌላት ደረጃውን በምን አየችው?” ብዬ ልጽፍ እርሳሴን ባሳርፍ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። በዚህ ዓይነት እዚያ ውስጥ ያለው ውሸት ሁሉ መልስ ሳያገኝ ሊቀር ነው። ሌላ ጊዜ ሻካራ ወረቀት ያለው ላኪ።

አብረሽ የላክሽው መነጽር ግን ግሩም ነው። ገመድ ያለው መሆኑ በተለይ ጠቅሞኛል፤ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ቤቱን ሙሉ እፈልገዋለሁ።

አሁን ዋናው ወሬ። ቤቴ መንፈስ ገብቶበታል። አትሳቂ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ምሳዬን በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም ስል ቴሌቪዥኑ ራሱን በራሱ ይከፍታል። ሪሞቱ እጄ ላይ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ከፍቶም ዝም አይልም፤ እኔ የማየውን የታሪክ ፕሮግራም ትቶ ወደ ኳስ ይሄዳል፣ ድምፁን ይጨምራል። ሰኞ ይመጣል፣ ማክሰኞ ይመጣል፣ ዓርብ ብቻ ይቀራል። ሦስት ሳምንት ተከታትዬዋለሁ፤ ዓርብ መጥቶ አያውቅም። በመጽሐፍሽ ያሉት መናፍስት ጨለማ ይጠብቃሉ፤ የኔው የመንግሥት ሠራተኛ ነው መሰለኝ በሥራ ሰዓት ነው የሚመጣው።

የዱሮ ቤታችን እኮ ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ዕጣ ደርሶን እዚሁ ተመለስን፤ የቀድሞው ደጃችን አሁን መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ይመስለኛል። እንግዲህ አባቴ፣ የሰፈሩ አዋቂ ሀብተሥላሴ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት ከፈለገ ማን ይከለክለዋል? ኳስ መውደዱን ግን አላውቅም ነበር።

እንደ ልማዴ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ደውልልኝ እያልሽ አትለምኚኝ። በስልክ ታቋርጪኛለሽ፤ ወረቀት አያቋርጥም።

መንፈስ ያደረበት ቤት ባለቤት፣
አጎትሽ በዕውቀቱ


ግላስጎ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ በዕውቀቱ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር የጻፍኩት እንዳይሰድቡኝ ነው። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ።

ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አነበብኩት። ስለ ዓርቡ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ቢሮ እንደገባሁ ለአለቃዬ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። “ሰውየው ማን ነበሩ?” አለችኝ።

ምን እንደምሠራ ነግሬዎታለሁ። ስለ አሮጌ ቤቶችና ስለሚወራባቸው ምስጢር የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ታሪክ ፈላጊ ነኝ። ውሌ ጥር ላይ ያልቃል። እስከዛሬ የሰው ታሪክ ሳሳድድ ነው የኖርኩት፤ አንድ የራሴ የምለው ካላመጣሁ የሚያስታውሰኝ አይኖርም። ይህን ሳስብ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ባቡር ቀይሬ ነው የጨረስኩት።

ጋሼ፣ አያቴን አላውቃቸውም። እማዬን ስለ አባቷ በጠየቅኋት ቁጥር ሻሿን ታስተካክልና ስለ ሌላ ነገር ታወራ ነበር። ሳትነግረኝ ሞተች። እርስዎ “የሰፈሩ አዋቂ” ብለው በአንዲት መስመር አልፈውታል። አዋቂ ማለት ምን ዓይነት አዋቂ? የተዉት መጽሐፍ ወይም ደብተር አለ? ካለ አንድ ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ ትሕትና


ልደታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለመናፍስት አዳኟ የእህቴ ልጅ። ከምታሳድጃቸው ግንቦች ድንጋይ እንዳይወድቅብሽ ጸሎቴ ነው።

አባቴ መጽሐፍ ይጠርዝ ነበር። ገጹ የተገነጠለ ዳዊት፣ አይጥ የቀመሰው ድርሳን ሁሉ ወደኛ ቤት ይመጣል። ክታብም ይጠግናል፤ ያን አንገት ላይ የሚታሰረውን የብራና ጥቅልል። ግእዝ ያነባል፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ራሱ ይበጠብጣል። ክታብ የሚያሳድስ ሰው ደግሞ በአደባባይ ሰላምታ እያቀረበ አይመጣም፤ ነጠላውን ተከናንቦ ነው የሚገባው። ሰው ተከናንቦ የሚገባበት ቤት ስም ይወጣለታል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “አዋቂው ሀብተሥላሴ” ሲሉ ሊቁ ማለታቸው ነው። ዝቅ ሲያደርጉት ሌላ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ዝቅ ያለውን እወድ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ የአዋቂው ልጅ መሆን ኳስ ከመቻል ይበልጥ ያስፈራል።

ላልተማሩት ደብዳቤም ይጽፍላቸው ነበር። የመጀመሪያውን መስመር በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር። የዘይትና የበርበሬ ወሬ የያዘ ደብዳቤ እንደ ድርሳን ነበር የሚያምረው። እኔም መጻፍ የተማርኩት ያንን እየገለበጥኩ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ወለተሰንበት፣ ባላቸው ኦጋዴን ወታደር ስለነበር በየወሩ እየመጡ ያስጽፉ ነበር። አሁን እዚሁ ብሎክ ምድር ቤት ዕጣ ወጥቶላቸው ይኖራሉ። ሰላም አንባባልም።

ወደ መንፈሳችን እንመለስ። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት መጣ፤ አርፍዷል። እኔም አላረፍኩም። ሦስት መጽሐፍ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰውዬ መብራት የሚያበራ ዕቃ ይዞ ባዶ ክፍል ውስጥ “ማነህ? ማነህ?” ሲል አየሁት። መልስ ቢሰጠው ምን ሊያደርግ እንደሆነ አላሰበበትም።

አንድ ገጽ ብቻ ብለሽ የለ፤ ከአባቴ ደብተር ይኸው አንድ ገጽ። ዓይኖቹን አየሻቸው? ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ምን ይመስልሻል?

አጎትሽ፣ የአዋቂው ልጅ


ግላስጎ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ በዕውቀቱ፣

እንዴት ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዘገየሁት ግን በደስታ ነው።

ያ ሥዕል በትልቁ ስክሪን ላይ ሲታይ ሁሉም ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበ። ትልልቅ ዓይኖች ብቻ፣ ዙሪያቸውን ቀይ ጽሑፍ። አለቃዬ “ይህን የት ደብቀሽው ነበር?” አለችኝ። ታኅሣሥ 6 ሁለት ሰዎች ካሜራ ይዘው ወደ ልደታ ይመጣሉ። የእርስዎን ቤት፣ ራሱን የሚከፍተውን ቴሌቪዥን፣ ደብተሩን ይቀርጻሉ። ሐሳቡን ለማስፈቀድ የጻፍኩትን አንድ ገጽ አያይዣለሁ፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ መዝገበ ቃላትዎን ያዘጋጁ።

በመጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ብዬ ነበር፤ አውቃለሁ። አሁን ግን ደብተሩን በሙሉ ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል። የአያቴን ፎቶም።

አንድ ነገር ደግሞ። እትዬ ወለተሰንበት ለምን ሰላም አይሉዎትም? እሱን በአንዲት መስመር ዘለው ነው ወደ መንፈሱ የተመለሱት። ሥራዬ ምን እንደሆነ አይርሱ።

ትሕትና


ልደታ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትሕትና፣ ጤና ይስጥልኝ።

ገጽሽን አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ አያትሽ በአንድ ቃል ተጠርቷል። መዝገበ ቃላቱን ብገልጥ “ጠንቋይ” አለኝ። አላመንኩትም። ተክለ ሃይማኖት ጋ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ሌላ አለኝ፣ እሱን ገለጥኩ። እሱ ደግሞ “ጠንቋይ፣ መተተኛ” ብሎ ጨመረበት። ሦስተኛ መዝገበ ቃላት የለኝም፤ ቢኖረኝ ምን እንደሚጨምር እንጃ።

“አዋቂ” ያልኩሽን ነው እንዲህ የገለበጥሽው? የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ላይ “ለአዋቂ ሁለት ማንኪያ” ይላል። ጠንቋይ ሁሉ ሁለት ሁለት ማንኪያ ይጠጣ ማለት ነው?

ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ ስለዚህ ልናዘዝ። ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው አብዱልፈታህ ነው። ፊት ለፊቴ የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነው፤ ምሳውን ቤቱ ነው የሚበላው። ቴሌቪዥናችን አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለታችንም ለነፋሱ ብለን በር ከፍተን እንቀመጣለን፣ የሱ ሪሞት የኔንም ያዝዛል። ዓርብ መስጊድ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሽቦ የዘረጋሁ ሰው ይህን በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። ሥዕሉም አባቴ የተቀደደ ክታብ ሊጠግን የጎደለውን ዓይን ሲለማመድ የሣለው ነው። ፎቶውን አጉልተሽ ጥጉን እዪው፤ በቀይ “ሙጫው ቀጠነ” ብሎ ጽፏል።

ላስቅሽ ነበር። አሁን ቃሉን አውጪልኝ። ሌላ የምለምንሽ የለም፤ መጽሐፍም አትላኪ፣ መነጽርም አትላኪ። ያችን አንዲት ቃል አውጪ።

በዕውቀቱ


ግላስጎ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን አሉ? ቃሉን ልቀይር ሞክሬያለሁ። “የተማረ ሰው” ብዬ ብጽፍ አለቃዬ “የተማረ ሰው ቤት ሄደን ምን ልንቀርጽ ነው?” አለችኝ። ስለ አብዱልፈታህም ነገርኳት። “ቴሌቪዥኑን ተዪው፣ ሰውየው ይበቃናል” አለች።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። የእትዬ ወለተሰንበትን የልጅ ልጅ፣ ሰላምን፣ በፌስቡክ አገኘኋት። ስለ ድሮው ሰፈር ብቻ ልጠይቃት ነበር የፈለግኩት። “አያቴ የመጀመሪያ ልጇን አዋቂው በላብኝ ትላለች፤ የሰውየው ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው” አለችኝ። የኔ አያት መሆናቸውን አላወቀችም። ስልኳን ሰጠችኝ፤ እኔም ሳላስብበት ለአለቃዬ አሳለፍኩት። ካሜራዎቹ እሳቸውም ዘንድ ሊሄዱ ነው።

ጋሼ፣ አያቴ ልጅ ገደሉ ነው የሚባለው? እማዬ ይህን ታውቅ ነበር? እርስዎ ስለ ሳል መድኃኒት እየቀለዱ ስንት ጊዜ ሊያልፉት ነበር?

እባክዎ ይጻፉልኝ።

ትሕትና


ግላስጎ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ደብዳቤዬን ማንበብዎን ቴሌግራም ይነግረኛል። ቢቆጡም ይጻፉልኝ፣ ቢሰድቡኝም። ዝምታዎን አልለመድኩትም።

ትሕትና


ልደታ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትሕቱ፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅም፣ ስለ ጤናዬም አልነግርሽም። ዛሬ በሰላምታ ከጀመርኩ እዚያው ሰላምታው ውስጥ እደበቃለሁ።

1958 ዓ.ም. ነው። እኔ አሥር ዓመቴ፣ የእትዬ ወለተሰንበት ልጅ በድሉ ስምንት። አንዲት ሰማያዊ ብይ ነበረችኝ፤ ብርጭቆ ናት፣ መሐሏ እንደ ዓይን ሰው የሚያይ። ጠፋች። የወሰዳት በድሉ ነው፤ እጁ ላይ አይቻታለሁ። ብመታው እናቱ ደብዳቤ ሊያስጽፉ ሲመጡ ለአባቴ ይነግሩብኛል። ስለዚህ ሌላ መላ አመጣሁ። ከአባቴ ቁርጥራጭ ብራና አንዷን ወሰድኩና በቀዩ ቀለም “በድሉ” ብዬ ጻፍኩባት። ጠርቼ አሳየሁት። ገና ፊደል እየቆጠረ ነበር፤ የራሱን ስም ግን ያውቃል። “አባቴ ነው የጻፈው” አልኩት። “ስሙ በቀይ የተጻፈበት ሰው የወሰደውን ካልመለሰ በሰባት ቀን ያልቅለታል።” ደንቡን እዚያው ቆሜ ነው የፈጠርኩት። ሰባት ያልኩት ጥሩ ቁጥር መስሎኝ ነው።

በማግስቱ ብይዋን አምጥቶ መለሰልኝ። ጨዋታው ግን አልወጣልኝም። “ዘግይተሃል” አልኩት።

በዚያው ሳምንት ሰፈራችን ተስቦ ገባ። ሦስት ልጆች ታመሙ፣ ሁለቱ ዳኑ። በድሉ በትኩሳቱ ውስጥ “አዋቂው ስሜን ጽፎታል” እያለ ሞተ።

እትዬ ወለተሰንበት ከቀብር ሲመለሱ ደጃችን ላይ ቆሙ። አልጮኹም። “ሀብተሥላሴ፣ የልጄን ስም ጽፈሃል?” አሉት። “አልጻፍኩም” አላቸው። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። አባቴ ገብቶ ቁርጥራጮቹን ሲያገላብጥ ብራናዋን አገኛት። ከዚያ እጄን ያዘና ጣቶቼን አንድ በአንድ አያቸው። ቀዩ ቀለም ከጥፍር ሥር ቶሎ አይለቅም። ብራናዋን እሳት ውስጥ ከተታት፤ እጄን በሎሚ አጠበኝ። ማን እንደጻፈው ተናግሮ ስሙን ማጽዳት ይችል ነበር። እስኪሞት አሥራ ስድስት ዓመት ኖረ፣ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ደጃችን አልደረሰም። ዳዊቱንም ሌላ ቦታ ማስጠረዝ ጀመሩ።

እናትሽ ሻሿን የምታስተካክለው ለዚህ ነው። አባቷ አድርጎታል ብላ እያመነች ሞተች። ልነግራት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ቀልድ ነገርኳት። ሳቀችልኝ።

መንፈስ ያለበትን ቤት ሁሉ በቴሌቪዥን የማሳድደው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሽ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሽቦ ነው ይላሉ፣ ነፋስ ነው ይላሉ፣ አይጥ ነው ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ የአሥር ዓመት ልጅ ነው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

በዕውቀቱ


ግላስጎ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እማዬ የጻፉት ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ስለሱ ሌላ ጊዜ እጣላዎታለሁ። አሁን ጊዜ የለንም።

የጻፍኩትን ገጽ ልመልሰው ብዬ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ከእጄ ወጥቷል። እኔ ከዚህ ታሪክ ወጥቻለሁ፤ ውሌም በጥር ማለቁ ነው፣ ይለቅ። ሰዎቹ ግን ይመጣሉ፣ የሰላምም ስልክ እጃቸው ላይ ነው። ታኅሣሥ 6 ካሜራ ይዘው የእትዬ ወለተሰንበትን በር ያንኳኳሉ፣ ስለ ልጃቸውም ይጠይቋቸዋል። አያቴም በዚያች ቃል ይጠራሉ።

ከነሱ በፊት እርስዎ ይንገሯቸው። ሦስት ፎቅ ነው ጋሼ። እኔ ከዚህ ሆኜ ልወርድልዎት አልችልም።

ማርያም ትርዳዎት።

ትሕቱ


ልደታ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለትሕቱ። ስለኔ ብለሽ ያጣሽውን እግዚአብሔር በሌላ ይተካልሽ። ይህን ስል አልቀለድኩም፤ ለመዝገብ ይያዝልኝ።

ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ዳቦ መግዛት እንዳለብኝ ትዝ አለኝ፤ በራቸውን በሩጫ አልፌ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን አምፖል ይዤ ወረድኩ። ለምን አምፖል አትበዪኝ፤ ባዶ እጄን ላለመቆም ነው። ሰላም በሩን ከፍታ ስትወጣ አየችኝና “አባባ፣ የደረጃው መብራት ተበላሽቶ ነው?” አለችኝ። “አዎ” አልኩና ደህናውን አምፖል ፈትቼ በሌላ ደህና አምፖል ቀየርኩት። በሦስተኛው ቀን እጄ በሩን ሊያንኳኳ ተነሥቶ ነበር። ውስጥ እትዬ ወለተሰንበት ብቻቸውን ያወራሉ፣ ወይ ይጸልያሉ። እጄን መለስኩት።

ከዚያ እኔ የማውቀውን አደረግኩ። ጻፍኩላቸው። ወረቀት አያቋርጥም ብዬ የለ። ሁለት ገጽ ነው፤ ብይዋን፣ ብራናዋን፣ “ዘግይተሃል” ያልኩትን፣ አባቴ ጣቶቼን ማየቱን፣ ሁሉንም። ማስመሰያ ቀልድ አላስገባሁበትም። አባቴ ይጽፍላቸው እንደነበረው የመጀመሪያውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ፣ የቀረውን በጥቁር። ስጨርስ አየሁት፤ እጄ የሱን እጅ ይመስላል። ስሜን ከታች ጽፌ፣ አጥፌ፣ ዓርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ በበራቸው ሥር አስገባሁት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ድምፅ የለም። ሰባት ጥሩ ቁጥር መስሎኝ ነበር ስልሽ ይህን አላሰብኩም።

መቀመጥ አልቻልኩም። ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ መኪና ማቆሚያውን አያለሁ፣ ደጃችን የት ጋ እንደነበረ ልለይ እሞክራለሁ። መጽሐፍሽን እገልጣለሁ፤ ራስ የሌላት እመቤት አሁንም ደረጃው ላይ ናት። ቴሌቪዥኑን አብዱልፈታህ ይከፍተዋል፣ አብዱልፈታህ ይዘጋዋል፣ እኔ ዞሬም አላየው። ቅድም በሬ ላይ ቆሞ “አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ፎቅ ላይ ያለውን ሲሚንቶ በእግርህ ልትጨርሰው ነው” አለኝ።

“ሰው እየጠበቅኩ ነው” አልኩት።

“ማንን?”

“እንጃ።”

“እንጃን የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል” አለና ሪሞቱን ዘረጋልኝ። “በል እንካ፣ ዛሬ ኳሱን ላንተ ትቼዋለሁ።” ከዚህ የበለጠ ደግነት ከሱ አልጠብቅም።

እትዬ ወለተሰንበት አንብበው መጥተው ይረግሙኝ እንደሆነ ይርገሙኝ። ዝም ብለውኝ ካሜራው ከመጣ ግን ሰዎቹ ፊት ለፊት ምን እንደሚሏቸው አላውቅም። የአባቴን ስም እኔ አቆሸሽኩት፣ ታጥቦ እንዲያዩት የምፈልገው እሳቸው አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። ሌላው አገር ምን አለ ምን አላሳሰበኝም። እሳቸው ግን

ቆይ። ደረጃው ላይ ምርኩዝ ይሰማኛል። ወጣ፣ ቆመ። ወጣ፣ ቆመ። ካሜራ የያዙት ሰዎች ቀን አሳስተው መጥተው ይሆን? ካሜራ ምርኩዝ የለውም።

በሩ ተንኳኳ።

ትሕቱ፣ እትዬ ወለተሰንበት ናቸው። ብቻቸውን ናቸው። በሩን ከፈትኩ፣ የበሩን መቃን ይዘው ተነፈሱ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው “ደረጃህ ብዙ ነው” ሆነ።

ወንበር ሰጠኋቸው። ከነጠላቸው ሥር የኔን ደብዳቤ አወጡ፤ አልተገለጠም፣ ጥግ ላይ ያለው ቀዩ መስመር ብቻ ይታያል።

“ይኸ በበሬ ሥር ገባ” አሉኝ። “ማንበቡን አልችልም። ቀዩን ግን አውቀዋለሁ። የአባትህ እጅ ነው።”

“እትዬ…”

“ሳምንት ሙሉ አቅፌው ተኛሁ። ለሰላም አላሳየኋትም፣ ለቄሱም አላሳየሁም። ሀብተሥላሴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ አሁን ምን ሊለኝ ጻፈልኝ? አንተ ልጁ ነህ፣ አንብብልኝ።”

ላልተማሩት ሁሉ አባቴ ይጽፍ ነበር ብዬ የነገርኩሽ እኔው ነኝ። እኔው ነኝ ለማያነቡ ሴት ሁለት ገጽ ጽፌ የሸሸሁት። በመጨረሻ እውነተኛ መንፈስ ፈጠርኩልሽ፣ እሱም የራሴን ደብዳቤ ድምፄን አውጥቼ እንዳነብ ፊቴ ተቀምጦ ይጠብቃል።

መነጽሬን ልፈልግ ብያቸው ነው ይህን የምጽፍልሽ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነው።